በቤተ ሰብ የንግድ ቤት ውስጥ ስለሚነሣ ክርክርና ስለ አፈታቱ፤ ከናይሮቢ የተገኘ ትምህርት

ወፍጮ ቤቱ፥ የእህል መጋዘኑ፥ ዳቦ ቤቱ፥ የጭነት መኪናውና ሆቴሉ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት ነው። አባት ይጀምረዋል፤ እናት ገንዘብ ትይዛለች፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዕቃ እያነሡና ሒሳብ እየደመሩ ያድጉበታል። እንዲህ ያለው ቤት እንዴት እንደ ተመሠረተ በየሰርጉና በየበዓሉ ይተረካል፤ እንዴት እንደ ፈረሰ ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ጠቡ የቤት ገመና ነው ተብሎ ይሸፈናልና። ገመናን መሸፈን የጨዋ ሰው ልማድ ሲሆን፥ ነጋዴው ከጎረቤቱ ስሕተት የሚማርበትን መንገድ ግን ይዘጋበታል።

በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሁለት ታላላቅ ነጋዴ ቤተ ሰቦች ክርክር በፍርድ ቤት አደባባይ ስለ ታየና ጋዜጦችም ስለ ጻፉበት፥ የነገሩን መነሻና መድረሻ ለመከተል ይቻላል። ስለዚህ በሌላው አገር የሆነውን አይቶ በራስ ቤት ያለውን ለመመርመር ይህ ምሳሌ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተነገሩት ዓመቶች፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች ሠፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከሐዲዱ ጋር የመጡትና ተከትለዋቸው የገቡት የህንድ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ከወንድም፥ ከአጎትና ከአጎት ልጅ ጋር ሆነው ከፈቱ፤ ዛሬ ቢያሻራ ስትሪት የሚባለው መንገድ የዚያ ዐይነት ሱቅ የበዛበት ነበር። አገሪቱ በ1963 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ደግሞ የኪኩዩና የሌሎችም ነገዶች ነጋዴዎች በዚያው ዐይነት፥ ማለት በቤተ ሰብ ጉልበትና በቤተ ሰብ ቁጠባ፥ ሱቅ እየከፈቱ ተስፋፉ። በኢስሊ ሠፈር ዛሬ የሚነግዱት ሶማሌዎችና ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከዘመዳቸው ጋር የሚሠሩ ናቸው።

ከኪኩዩ ነጋዴዎች አንዱ ጆራም ካማው ይባል ነበር። በናኩሩ አጠገብ በምትገኘው በሮንጋይ ከትንሽ ሱቅ ተነሥቶ፥ በኋላ ተስኪስ ተብሎ የታወቀውን የሱፐርማርኬት ድርጅት አቋቋመ። ሰውየው በ2002 ሲሞት ድርጅቱ ለወንዶችና ለሴቶች ልጆቹ ተላለፈ። ልጆቹ ሥራውን አላጠፉትም፤ እንዲያውም አስፋፉት። ቅርንጫፎቹም ከስድሳ በላይ ሆኑ፤ በናይሮቢ የተስኪስን ምልክት ሳያይ የሚያልፍ መንገደኛ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሀብቱ እንዲህ ሲሰፋ፥ ባለሀብቶቹ እርስ በርሳቸው የሚተማመኑበት መንገድ ግን አባታቸው በነበረበት ጊዜ እንደ ነበረው ቀረ። አባት ሳለ ሁሉም ለእርሱ መልስ ይሰጥ ነበር፤ አባት ሲያልፍ ግን ወንድም ለወንድሙ ሒሳብ እንዲያሳይ የሚያስገድደው ነገር ሳይደራጅ ቆየ። በ2012 ከወንድማማቾቹ አንዱ ሌሎቹን ከሶ፥ ከ1.6 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ የሚበልጥ ገንዘብ ከድርጅቱ ወጥቷል ብሎ አመለከተ። (ይህ የከሳሹ ቃል ነው፤ የተከሰሱት አልተቀበሉትም።) ገንዘቡ ወጣም አልወጣም፥ ክሱ ራሱ የሚያስረዳው አንድ ነገር አለ፤ ባለድርሻው ወንድም የድርጅቱን ሒሳብ ተቀምጦ በሰላም ለማየትና ለመጠየቅ የሚችልበት በር አላገኘም፤ ያገኘው በር የፍርድ ቤት በር ነው።

ከዚያ በኋላ በ2015 ከቤተ ሰቡ ውጭ የሆነ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተቀጠረ። መድኃኒቱ መልካም ነበር፤ የተሰጠው ግን ዘግይቶ ነው። ሥራ አስኪያጅ ገበያውን ሊመራ ይችላል፤ ጌቶቹ ባልተስማሙበት ነገር ላይ ግን ጌቶቹን ሊያስታርቅ አይችልም። ድርጅቱ በብድርና ለዕቃ አቅራቢዎች ባልተከፈለ ገንዘብ ሲጨነቅ፥ ባለድርሻዎቹ አዲስ ገንዘብ ለማስገባት ወይም ድርሻቸውን ለሌላ ለመሸጥ ፈጥነው አንድ ቃል ሊሆኑ ይገባቸው ነበር። በ2020 ለመሸጥ ፈቃደኛ ሲሆኑ፥ የኮሮና በሽታ ገበያውን አቀዝቅዞት፥ አቅራቢዎችም ዕቃ መስጠት ትተው፥ መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ነበር። እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ አብዛኞቹ ቅርንጫፎች ተዘጉ። ደመወዛቸው የቀረባቸው ሠራተኞችና ገንዘባቸው የተያዘባቸው አነስተኛ አቅራቢዎች በወንድማማቾቹ ክርክር ውስጥ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ጉዳቱን ግን ተካፈሉ።

ሁለተኛው ቤት ናይቫስ ነው። የመሥራቹ ስም ፒተር ሙኩሃ ካጎ ሲሆን፥ ከጆራም ካማው ጋር የሥጋ ዝምድና ነበረው። እርሱም በዚያችው በሮንጋይ ሱቅ ከፈተ፤ በ2010 ሞተ። እንግዲህ ሁለቱ ቤቶች ከአንድ አገር፥ ከአንድ ዘመድ፥ ከአንድ ዐይነት ሥራ የተነሡ ናቸው፤ ልዩነታቸውን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ናይቫስም ቢሆን ከጠብ አላመለጠም። በ2013 ማስማርት የሚባል የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ የድርጅቱን አብላጫ ድርሻ ለመግዛት ሲደራደር፥ ከመሥራቹ ልጆች አንዱ በአባቴ ውርስ ድርሻ አለኝ፥ ሽያጩ ይታገድልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። ያ ድርድር ሳይፈጸም ቀረ። ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ነገር ግን ድርጅቱ በክርክሩ ጊዜ ሥራውን አላቆመም፤ ይኸውም በባለድርሻነት የተመዘገቡት እነማን እንደ ሆኑ፥ ሥራውንም የሚመራው ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ የታወቀ ስለ ነበረ፥ ክርክሩ በውርሱ ላይ እንጂ በየቀኑ ሥራ ላይ አልሆነም። በ2019 ድርጅቱን ይመራ የነበረው ሳይመን ጋሽዌ ሙኩሃ ሲሞት፥ ወንድሙ ዴቪድ ኪማኒ ሥራውን ቀጠለ። በ2020 የውጭ ባለገንዘቦች 30 በመቶውን ገዙ፤ በ2022 አይቢኤል የሚባለው የሞሪሸስ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ 40 በመቶ ያዘ፤ በ2023 ደግሞ የአዲሶቹ ባለገንዘቦች ድርሻ ወደ 51 በመቶ ከፍ አለ። ቤተ ሰቡ ዛሬ አብላጫውን አልያዘም፤ የያዘው 49 በመቶ ግን ከመቶ በላይ ቅርንጫፎች ያሉት የቆመ ድርጅት ድርሻ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የወደቀ ሁሉ በጠብ ወደቀ ማለት ስሕተት ነው። ከናኩሩ ፍራሽ ንግድ ተነሥቶ የኬንያ ታላቅ ሱፐርማርኬት የሆነው የሻህ ቤተ ሰብ ድርጅት ናኩማት በ2018 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በአስተዳዳሪ እጅ የገባውና በ2020 እንዲፈርስ የተወሰነው ከዕዳ ብዛትና ከአቅም በላይ ከመስፋፋት የተነሣ ነው። የቀሩትን ስድስት መደብሮቹን የወሰደው ናይቫስ ነበር። ተስኪስም ዕዳ ነበረበት። ነገር ግን ዕዳ የመጣበት ቤት ባለቤቶቹ ከተስማሙ ከአበዳሪው ጋር ለመነጋገር ጊዜ ያገኛል፤ ካልተስማሙ ግን አበዳሪው ከማን ጋር እንደሚነጋገር እንኳ አያውቅም።

የጠቡ ሥር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሦስት መብቶች መደባለቅ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው የልጅነት መብት ነው፤ ይህ በመወለድ የሚገኝ ነው። ሁለተኛው የባለድርሻነት መብት ነው፤ ይህ ከትርፉ የመካፈል፥ ሒሳቡን የማየትና ድምፅ የመስጠት መብት ነው። ሦስተኛው የሠራተኛነት መብት ሲሆን፥ ለሠሩት ሥራ ደመወዝ ማግኘት ነው። ታላቅ ወንድም ከንጋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ይኖርና ደመወዝ ለራሱ አይቈርጥም፤ በዚህ ፈንታ ሲያስፈልገው ከመሳቢያው ይወስዳል። በሌላ ከተማ የምትኖር እኅቱ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ መጥታ ትርፌስ? ትላለች። እርሱ ልፋቴን ካደችብኝ ይላል፤ እርስዋ ሀብቴን በላብኝ ትላለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። እርሱ ስለ ደመወዝ፥ እርስዋም ስለ ትርፍ ትናገራለች፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ መሥመር ተጽፈዋል፥ ወይም ከቶ አልተጻፉም። ለእንዲህ ያለው ጠብ የመጀመሪያው ማስታረቂያ ሽማግሌ ሳይሆን የደመወዝ መዝገብ ነው።

የሴቶች ልጆች ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በኬንያ ከ1981 ጀምሮ የሚሠራበት የውርስ ሕግ በወንድና በሴት ልጅ መካከል ልዩነት አያደርግም፤ በኢትዮጵያም በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ ይላል። ሆኖም በብዙ ቤት እኅት ባል አግብታለች ተብሎ ስትታለፍ ይታያል። የታለፈችው ዝም ብትል ልጆችዋ ዝም አይሉም፤ የውርስ ክርክርም ሁለት ትውልድ ተሻግሮ ሊነሣ ይችላል።

እንግዲህ ጠቡ ከተነሣ በኋላ በናይሮቢ ነጋዴዎች የሚፈቱት በምን መንገድ ነው? የቀድሞው መንገድ በሽማግሌ ነው። ኪኩዩዎች ኪያማ የሚሉት የሽማግሌዎች ጉባኤ አላቸው፤ ከእኛ የሽምግልና ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከህንድ የመጡት ነጋዴዎችም በየማኅበራቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ከነዚህ ሁሉ በጣም የተደራጀው የኢስማዒሊያ እስላሞች ሥርዓት ነው፤ እነርሱ በ1986 በወጣው የማኅበራቸው ሕገ ደንብ መሠረት በየአገሩ የዕርቅና የግልግል ጉባኤ አቋቁመዋል። ኬንያም አንዱ አላት፤ የጋብቻን፥ የውርስንና የንግድን ክርክር ያለ ጋዜጣ ወሬ ያያል። ጉባኤው የሚመራው በጽሑፍ ሥርዓት ነው፤ ከኛ የአጥቢያ ሽምግልና የሚለየውም በዚህ ነው።

የኛ ሽማግሌ ይቅር ለእግዚአብሔር አሰኝቶ፥ ጉልበት አስሞ፥ አብሮ አብልቶ ይለያያቸዋል። ይህ ክቡር ነገር ነው፤ ልብን ያለዝባል። ግን በማግሥቱ ሱቁ ሲከፈት የሒሳቡ ነገር እንደ ነበረ ይቈያል። ዕርቁ በጽሑፍ ካልሆነ፥ ማን ምን ያህል በየትኛው ቀን እንደሚከፍል ካልተቈረጠ፥ ሁለተኛው ጠብ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ አሁን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መሐላም ፈርሷልና። ሌላም ደካማ ጎን አለው። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ የታላቁ ወንድም ባልንጀሮች ናቸው፤ ታናሹም፥ ይልቁንም እኅት፥ በፊታቸው አጥብቆ መናገርን እንደ ድፍረት ይቈጥሩታል። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሒሳብ የሚያነብ ቢሆን፥ ደግሞም ታናናሾቹ የመረጡት አንድ ሰው ቢጨመር የተሻለ ይሆናል።

ኬንያ በ2010 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶች ዕርቅን፥ ማስማማትን፥ የግልግል ዳኝነትንና ባህላዊ መንገዶችን እንዲያበረታቱ ያዝዛል። በዚህ መሠረት በኤፕሪል 2016 ናይሮቢ በሚሊማኒ ፍርድ ቤት በቤተ ሰብና በንግድ ችሎቶች ላይ አዲስ አሠራር ተጀመረ። የተከፈተ መዝገብ ለማስማማት የሚመች ሆኖ ሲገኝ ወደ ሠለጠነ አስማሚ ይመራል፤ አስማሚው ሥራውን በ60 ቀን ውስጥ እንዲጨርስ ተወስኗል፤ ከተስማሙ ስምምነቱ እንደ ፍርድ ይጸናል፤ ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ዳኛው ይመለሳል። አስማሚው አይፈርድም፤ ማንኛውም ወገን በፊቱ የተናገረው ቃል በኋላ በችሎት ማስረጃ አይሆንበትም። አሠራሩ ከቤተ ሰብና ከንግድ ችሎት መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተሟጋቾቹ ከፍርድ በኋላም በአንድ ለቅሶ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ናቸውና።

ይህም ሳይሆን ሲቀር የመጨረሻው መንገድ ዳኛ ነው። የኬንያ የኩባንያዎች ሕግ (2015) የተበደለ ባለድርሻ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም ድርሻው በተገቢ ዋጋ እንዲገዛለት ለማዘዝ ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ዳኛው ከብዙ ዘመን ሙግት በኋላ የሚያዝዘው መድኃኒት ራሱ ወንድማማቾቹ በመጀመሪያው ወር ሊያደርጉት ይችሉ የነበረው መሆኑ ነው።

ከሞቴ በኋላ እንዳይጣሉ ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ባለሀብትም ነበረ። ንጄንጋ ካሩሜ ከሰል በመሸጥ ጀምሮ፥ የቢራ አከፋፋይ፥ የሆቴል ባለቤት፥ በኋላም ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። በ2012 ሳይሞት አስቀድሞ ሀብቱን ለአደራ ጠባቂዎች አስረከበ፤ ልጆቹ ከገቢው እንዲጠቀሙ እንጂ ሀብቱን ራሱን እንዳይካፈሉ አደረገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ከሞቱ በኋላ ከልጆቹ አንዳንዶቹ አደራ ጠባቂዎቹን ከሰው በናይሮቢ ፍርድ ቤት ቆሙ። ወንድም ከወንድሙ ጋር እንዳይጣላ ሀብቱ ለሌላ ሰው ሲሰጥ፥ ጠቡ ከሌላው ሰው ጋር ይሆናል። አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን ሰብስቦ ያሰበውን ቢነግራቸውና ተቃውሞአቸውን ቢሰማ ኖሮ ነገሩ ምናልባት ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ በኑዛዜ የሚሰማ ቃል መልስ አይቀበልምና።

መለያየት ራሱ እንደ ነውር መቈጠር የለበትም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ምክንያት በተጣሉ ጊዜ፥ አብርሃም ታላቅ ሳለ ታናሹ አስቀድሞ አገሩን እንዲመርጥ ፈቀደ። ዝምድናቸው ያልፈረሰው በጊዜ ስለ ተለያዩ ነው፤ በኋላም ሎጥ በተማረከ ጊዜ የደረሰለት አብርሃም ነበር። ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ነጋዴዎች ከዚህ የሚቀራረብ ውል ይጽፋሉ፤ ለመለያየት የፈለገው አንዱ የድርሻውን ዋጋ ይጠራል፥ ሌላውም በዚያው ዋጋ መግዛትን ወይም መሸጥን ይመርጣል። ዋጋ ጠሪው ገዢ ይሁን ሻጭ ስለማያውቅ በእውነተኛው ዋጋ ለመጥራት ይገደዳል። ጉድለቱ፥ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ወንድም ለመግዛት ስለማይችል ሁልጊዜ ሻጭ ይሆናል። ስለዚህ የመክፈያ ጊዜ ካልተጨመረበት ለባለጠጋው ብቻ ይመቻል።

ለማስረዳት ያህል፥ ሦስት ወንድማማቾች በእኩል ድርሻ አንድ ወፍጮ ቤት አላቸው እንበል። ቤቱ፥ ማሽኑና በመጋዘን ያለው እህል በገለልተኛ ገማች ሲገመት 9 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ የባንክ ዕዳው 3 ሚሊዮን ነው። የሚቀረው 6 ሚሊዮን ስለ ሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 2 ሚሊዮን ብር ነው። ከሦስቱ አንዱ መውጣት ፈለገ። ማሽኑን ሸጠው ልክፈልህ ቢሉት ወፍጮው ይቆማል፤ ምንም አንሰጥህም ቢሉት ፍርድ ቤት ይሄዳል። ነገር ግን በፊርማው ቀን 500 ሺህ ብር ቢሰጡት፥ የቀረውንም በየዓመቱ 500 ሺህ እያደረጉ በሦስት ዓመት ቢጨርሱለት፥ ወፍጮው ከሚያስገባው ገንዘብ እየተከፈለ ሥራው ይቀጥላል። የሚወጣው ሰው ለባንኩ ዋስ ሆኖ ፈርሞ እንደ ሆነ ከዋስትናው መውጣቱን ባንኩ በጽሑፍ ሊያረጋግጥለት ይገባል፤ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፥ በኋላም የተለየው ወንድም ባልበላው ዕዳ ይያዛል።

በኢትዮጵያ ይህን ሁሉ ለመፈጸም የሚያስችል ሕግ አለ። በ2013 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የ1952ቱን ሕግ በብዙ ክፍሉ የተካ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ታውጇል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አስገብቷል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋሙ ቤተ ሰቦች ግን አብዛኛውን ጊዜ የመመሥረቻ ጽሑፋቸውን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ገልብጠው ስም ብቻ ለውጠው ያስመዘግባሉ፤ ጠብ ሲነሣ ከመሳቢያ አውጥተው ቢያነቡት ስለ እነርሱ ጉዳይ አንድ ቃል አያገኙበትም።

በጽሑፉ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ከሁሉ በፊት የዋጋ አተማመን ነው፤ ድርሻ በምን ስሌት እንደሚገመት፥ ገማቹንም ማን እንደሚመርጥ። ቀጥሎ ለመውጣት የፈለገ ባለድርሻ ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ፥ ገንዘቡም በስንት ጊዜ እንደሚከፈለው ይጻፍ። ሥራ ላይ ያለው የቤተ ሰብ አባል ደመወዝ በየዓመቱ ይቈረጥ። የልጆችና የአማቾች ቅጥር በምን ሁኔታ እንደሚሆን መናገር በቤተ ሰብ መካከል የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ስለዚህም ነው ማንም ሳይቀጠር በፊት መጻፍ የሚሻለው። ክርክር ቢነሣ አስቀድሞ ለየትኛው አስማሚ፥ ከዚያ ለየትኛው የግልግል ዳኛ እንደሚቀርብ ስሙና የቀጠሮው ጊዜ ቢወሰን፥ ተጣልተው ሳሉ በሽማግሌ ምርጫ ላይ ሁለተኛ ጠብ አይነሣም።

የተሻሻለው ጽሑፍ በውልና ማስረጃ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ፊት ተፈርሞ በንግድ መዝገብ እስካልገባ ድረስ በውጭ ሰው ላይ የሚጸና አይሆንም። ማኅበር ያላቋቋሙ፥ ነገር ግን ንግድ ፈቃዱን በአባት ስም አውጥተው የሚሠሩ ወንድማማቾች ደግሞ አባት በሕይወት ሳለ ወደ ማኅበር ቢያዛውሩት ይጠቀማሉ፤ የንግድ ፈቃድ እንደ ቤት ወይም እንደ ማሽን የሚወረስ ሀብት አይደለምና፥ ባለፈቃዱ ሲሞት ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ እስኪያወጡና ስሙን እስኪያዛውሩ ድረስ ሥራው ሊጓተት፥ የባንኩም ሒሳብ ሊዘጋ ይችላል።